ጀርባዬን ማን ይለካልኝ? የድሮ ቀሚስ ከጓደኞቼ ጋር ስሰፋ

የአድዋ ድል በዓል በመጣ ቁጥር ፒያሳ ላይ የማየው አለባበስ ልቤን ይወስደዋል። ወንዶቹ ጎፈሩን፣ ለምዱን፣ ጋሻውን፣ ዝናሩን አሟልተው ይወጣሉ። እኛ ሴቶች ግን አብዛኞቻችን የምንለብሰው የዘንድሮ ፋሽን ሐበሻ ቀሚስ ነው። ወገቡ ጠበብ ያለ፣ ጀርባው ላይ ዚፕ የገባለት፣ ጥበቡ ሰፊ። ያምራል። እኔም ለዓመታት ለብሼዋለሁ። ግን በ1888 ዓ.ም. ከጦሩ ጋር ተራራ ወጥተው የወረዱት፣ ውሃ የቀዱት፣ ስንቅ ያዘጋጁት ሴቶች ምን ለብሰው ነበር የሚለው ጥያቄ አልለቀኝም። አንድ ዓመት ኅዳር ላይ «ለዘንድሮው በዓል የድሮውን ዓይነት ራሴ እሰፋለሁ» አልኩ። የካቲት 23 እስኪደርስ ሦስት ወር ነበረኝ።

ልብስ ሰፊ አይደለሁም። የእናቴ የእግር ሲንጀር አለችኝ። መጋረጃ፣ የትራስ ልብስ፣ የልጆች ዩኒፎርም ማሳጠር፤ ሙያዬ እስከዚያ ነበር። ቀሚሱ ግን አለቀ፣ ለበስኩትም። ያለቀው ብቻዬን ስላልሰፋሁት ነው። እናንተም እንዲህ ያለ ነገር ካሰባችሁ ከእኛ ስሕተት ተነሡ ብዬ ነው የምጽፈው።

መጀመሪያ ያደረግነው ማየት ነው። እንጦጦ ማርያም ግቢ ያለው ሙዚየም ውስጥ የአፄ ምኒልክና የእቴጌ ጣይቱ ልብሶች አሉ። አምስት ኪሎ ብሔራዊ ሙዚየም፣ ስድስት ኪሎ ዩኒቨርሲቲው ግቢ ውስጥ ያለው ሙዚየምም የድሮ ልብስ ያሳያሉ። ሰው ሙዚየም ሲገባ ዓይኑ ወደ ወርቁና ወደ ቀለሙ ይሄዳል። ለሚሰፋ ሰው ግን የሚጠቅመው ስፌቱ ነው። ትከሻው ላይ ስፌት አለ ወይስ ጨርቁ ታጥፎ ነው የወረደው? እጅጌው የት ላይ ተያያዘ? ጎኑ የሰፋው በምንድን ነው? ከአንድ ጓደኛዬ ጋር ሄድን። እኔ እያየሁ እነግራታለሁ፣ እሷ ደብተር ላይ ትሥላለች። ለብቻ ሄዶ ማየትም መሣልም ያደክማል፤ ቤት ስትመለሱ ደግሞ የሣላችሁት አይገባችሁም።

ልቤን የያዘችው ቀሚስ ግን አዲስ አበባ የለችም። ለንደን፣ ቪክቶሪያ እና አልበርት ሙዚየም ነው ያለችው። የአፄ ቴዎድሮስ ባለቤት የእቴጌ ጥሩወርቅ ቀሚስ ናት፤ ሙዚየሙ ጥሩነሽ በሚለው ስማቸው ነው የሚያውቃቸው። ንጉሡ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. መቅደላ ላይ ራሳቸውን ከሠዉ በኋላ የእንግሊዝ ጦር ይዞት ከሄደው ቅርስ ጋር አብራ ሄደች። እቴጌይቱ ከመቅደላ በወጡ በወሩ ገደማ መንገድ ላይ አረፉ። ልጃቸው ልዑል ዓለማየሁ በ7 ዓመቱ እንግሊዝ ተወስዶ በ18 ዓመቱ እዚያው ሞተ። ቀሚሷ ነጭ ጥጥ ናት፤ አንገቷና ደረቷ በባለቀለም የሐር ክር ተጠልፏል። ፎቶዋን አጉልቼ ጥልፉን ስቆጥር እንባዬ መጣ። የለበሰቻት እናት፣ ያስከተለችው ልጅ፣ አንድም ያልተመለሰ።

ፎቶ አይቼ ልብሱን ገለበጥኩ አልልም። የፊት ፎቶ የውስጡን ስፌት አያሳይም። ስፋቱን፣ የእጅጌውን ርዝመት፣ የጥልፉን ቦታ ወሰድን። የቀረውን የነገረን ሸማው ራሱ ነው። ሸማኔ መወርወሪያውን ከአንድ እጁ ወደ ሌላው ያሳልፋል። ስለዚህ የሸማው ወርድ ክንዱ ከሚደርስበት አያልፍም። እንዲህ ጠባብ የሆነን፣ ተፈትሎ ተሸምኖ ስንት ቀን የፈጀን ጨርቅ እንደ ፋብሪካ ብትን እያጠማዘዙ ቆርጦ ቁራጩን መጣል አያስችልም። ቀጥ ቀጥ አድርጎ መቁረጥ ነው። እኛም እንዲሁ አደረግን። ከፊት ወደ ኋላ በትከሻ ላይ የታጠፈ አንድ ረጅም ሸማ፣ ሁለት እጅጌ፣ ጎንና ጎን ከታች ሰፍተው ወደ ላይ የሚጠቡ አራት ባለ ሦስት ማዕዘን ቁራጮች፣ ብብት ላይ ሁለት ትንንሽ ካሬዎች። ይኸው ነው ጠቅላላው።

ሸማውን ሽሮ ሜዳ ለሸማኔ አዘዝን። ጥበብ የሌለው፣ ነጭ፣ ጠበቅ ተደርጎ የተመታ። ስታዝዙ «ጠበቅ ይበል» ማለትን አትርሱ። ለነጠላ የሚሆነው ስስ ሸማ ስፌት ላይ ይበተናል። 8 ሜትር ወሰድን። ከዚያ አንድ ሌሊት ውሃ ውስጥ ዘፍዝፈን፣ አጥበን፣ ጥላ ላይ ዘርግተን አደረቅን። ሲለካ 7 ሜትር ከ50 ሆነ። ግማሽ ሜትር ጠፋ ማለት ነው። ሳናጥብ ቆርጠን ቢሆን ኖሮ በመጀመሪያው እጥበት ቀሚሱ ቁርጭምጭሚቴን ለቅቆ ባቴ ላይ ይቀር ነበር።

አሁን ስለ ጓደኞቼ ልንገራችሁ። «ኑ አግዙኝ» ብቻ ካላችሁ ሰው ይመጣል፣ ቡና ይጠጣል፣ ይጫወታል፣ ይሄዳል። ሥራው እዚያው ነው። እኔም የመጀመሪያው እሑድ እንዲያ ሆነብኝ። በሁለተኛው ለእያንዳንዷ ሥራዋን ነገርኳት። አብሮ አደጌ ነርስ ናት፤ እጇ የሰው ገላ የለመደ ነው፤ እሷ ልኬ ላይ ትቆማለች። ሙዚየም አብራኝ የሄደችው ሒሳብ ሠራተኛ ናት፤ የምንለካውን ሁሉ የምትጽፈው፣ ከመቆረጡ በፊት ደግማ የምትደምረው እሷ ሆነች። ከአጥሩ ወዲያ ያሉት እማማ ደግሞ በወጣትነታቸው ጥልፍ ይጠልፉ ነበር። ለእሳቸው «ኑ» አይባልም። እኔው ጨርቁን ይዤ ሄጄ «እማማ፣ ይህን እንዴት ላድርገው?» አልኳቸው። «አምጪው እስቲ» ብለው መነጽራቸውን ፈለጉ። ከዚያ ቀን ጀምሮ የሥራው ባለቤት እሳቸው ሆኑ።

ሸማውን ከመንካታችን በፊት ሙሉ ቀሚሱን በአቡጀዲ ሰፋነው። ይህን ደረጃ አትዝለሉ። አቡጀዲ ርካሽ ነው፤ ቢቆረጥ፣ ቢቀደድ፣ እስክሪብቶ ቢሠመርበት አያሳዝንም። በረጃጅም የእጅ ስፌት ለጊዜው አያይዘን ለበስኩት። ትልቁን ትምህርት ያገኘነው እዚህ ላይ ነው።

አንገቱን የቆረጥኩት ከትከሻው እጥፋት እኩል ወደ ፊት፣ እኩል ወደ ኋላ አድርጌ ነበር። በመስታወት ሳየው ጥሩ ይመስላል። ግን በተንቀሳቀስኩ ቁጥር ቀሚሱ ወደ ኋላ ይንሸራተታል፣ ጉሮሮዬን ይይዘኛል። ጡቴ ከብዶ መሰለኝ፣ ትከሻዬ ዘቅዝቆ መሰለኝ፤ አንዱንም ለማስተካከል ሞከርኩ፤ አልሆነም። ነርሷ ከጎኔ ቆማ ዝም ብላ ስታየኝ ቆየች። «አንገትሽ እኮ የትከሻሽ መሀል ላይ አይደለም የተተከለው» አለችኝ፤ «ወደ ፊት ነው።» እውነቷን ነው። የሰው ሁሉ አንገት እንዲያ ነው። ቀዳዳው አብዛኛው ወደ ፊት፣ ጥቂቱ ብቻ ወደ ኋላ መሆን አለበት። የእኔ ከኋላ 2 ሳንቲም ብቻ ሆኖ ልክ መጣ። መስታወት ፊትን እንጂ ጎንን አያሳይም። ለዚህ ነው ሰው የሚያስፈልገው። ቀዳዳውንም መጀመሪያ ትንሽ አድርጉት። ማስፋት በመቀስ አንድ ደቂቃ ነው፤ የሰፋን አንገት ግን መልሶ የሚያጠብ የለም።

ሁለተኛው ነገር ብብት ነው። መጀመሪያ እጅጌውን ከአካሉ ጋር ቀጥታ ነበር ያገናኘሁት። ቆሜ ሳለሁ ችግር የለም። እማማ መጥተው አዩኝና «እስቲ እልል በይ» አሉ። ሴት እልል ስትል እጇን ወደ አፏ ታነሣለች። እጄን ሳነሣ ቀሚሱ በሙሉ አብሮ ተነሣ፣ ጎኑም ሊተረተር ደረሰ። «ልብስ ቆሞ አይለካም ልጄ። ተቀምጠሽ፣ ጎንበስ ብለሽ፣ እንጀራ እንደምትጋግሪ ሆነሽ ነው» አሉኝ። ብብት ላይ 12 በ12 ሳንቲም የሆነ ካሬ በማዕዘኑ አዙረን ስናስገባ እጄ ነፃ ወጣ። ካሬው ለክንዴ እንደ ማጠፊያ ሆነለት ማለት ነው። አሁን ማንኛውንም ልብስ ስንለካ ሥርዓት አለን፦ እልል ማለት፣ በርጩማ ላይ መቀመጥ፣ ከወለል ዕቃ ማንሣት፣ ሕፃን ማዘል። የሒሳብ ሠራተኛዋን ልጅ አዝዬ ነው የሞከርኩት።

እጅጌው ክንድ ላይ ጠባብ ስለሆነ ሲለካ እጅ መታጠፍ አለበት። ክርን ሲታጠፍ ይወፍራል፣ እጅጌውም ያጥራል። እጄን ዘርግቼ ብለካ ኖሮ ቡና ስቀዳ አንጓዬ ባዶውን ይወጣ ነበር።

አንድ ሌላ ነገር ልንገራችሁ፤ ይህኛው ስፌት አይደለም። እኛ አገር ሰው ሲገናኝ «ውይ፣ ወፈርሽ!» ማለት ሰላምታ ነው። ልብስ እየተለኩ ሳለ ግን ይህ ቃል ይከብዳል። በውስጥ ልብስ ቆመሽ፣ ሦስት ሰው ዙሪያሽን እያየሽ ነው። አንድ ቀን አንዷ «ዳሌሽ እኮ ሰፋ» አለችና ፊቴ ተለወጠ። ከዚያ ተነጋገርን። ስለ ጨርቁ እንጂ ስለ ገላ አንናገርም ተባባልን። «እዚህ ጋ ተወጥሯል»፣ «እዚህ ጋ ትርፍ አለ»፣ «ይህ ስፌት ወደ ፊት ሄዷል»። ለሥራውም ይሻላል። «ወፍረሻል» ከተባልኩ የማደርገው የለም። «ከወገብ በታች በግራ በኩል ተወጥሯል» ከተባልኩ ግን 2 ሳንቲም እለቅለታለሁ።

አቡጀዲው ልክ ሲመጣ ፈታነውና እያንዳንዱን ቁራጭ ሸማው ላይ አነጠፍነው። ሸማ በዓይን ቀጥ አይቆረጥም። ዘዴው አንድ ማግ መምዘዝ ነው። ክሩ ሲወጣ ሸማው ላይ ስስ መስመር ይቀራል፤ በዚያ ላይ መቀሱን ማስኬድ ነው። ጊዜ ይወስዳል፣ ግን ዝንፍ አይልም። የሸማው ጠርዝ ባለበት በኩል ስፌቱን በጠርዙ ላይ አደረግነው፤ ጠርዝ አይበተንም። ሌላው ጋ 2 ሳንቲም የስፌት ትርፍ ተውንና ጫፉን ወደ ውስጥ አጥፈን ደግመን ሰፋን። ረጅሙን ስፌት በሲንጀር፣ የሚታየውን በእጅ። ሙሉውን በእጅ የሚሰፋ ሰው አከብራለሁ፤ እኔ ግን ሥራ የምውል ሰው ነኝ።

ጥልፉ ከስፌቱ በፊት ነው። ቁራጩ ገና ዝርግ ሳለ፣ የአንገቱ ልክ በክር ብቻ ምልክት ተደርጎበት፣ ቀዳዳው ሳይከፈት። ተከፍቶ ቢጠለፍ አንገቱ ይለጠጣል። በእስክሪብቶም ምልክት አታድርጉ፤ ነጭ ሸማ ላይ የገባ ቀለም ከጥልፉ ሥር አጮልቆ ይታያል። እማማ የሰንሰለት ስፌት አስተማሩኝ። መርፌው በወጣበት ቀዳዳ ተመልሶ ይገባል፣ ክሩ እንደ ቀለበት ይያዛል፣ ቀጣዩ በቀለበቱ ውስጥ ይወጣል። እሳቸው በአንድ ምሽት አንድ ስንዝር ይጨርሳሉ። እኔ የእሳቸውን ሩብ። ታኅሣሥንና ጥርን የበላው ይህ ነው። ጥምቀት አልፎ እንኳ የቀኝ እጅጌው ጫፍ አላለቀም ነበር።

እዚህ ላይ አንድ ቀን ልቤ ቆሞ ነበር። ቀዩን ክር የገዛሁበት ሱቅ «አይለቅም» ብሎኝ ነበር፤ አመንኩ። ደረቱ አልቆ አቧራውን ለማስለቀቅ ሳርሰው ቀዩ ወደ ነጩ ሄደ። የስድስት ሳምንት ሥራ። ሮጬ ወደ እማማ ሄድኩ። «እንዳይደርቅ! ካውያም እንዳታሳርፊበት!» አሉ። ቀዝቃዛ ውሃ እየቀያየርን፣ ሳናሽ፣ እንደነከርን ሦስት ሰዓት ያህል ቆየን። አብዛኛው ለቀቀ። ከግራ ጡት በላይ ዛሬም ትንሽ ጽጌረዳ መሰል ጥላ አለ። እናንተ ከመጥለፋችሁ በፊት ከእያንዳንዱ ቀለም አንድ ክንድ ክር ቁረጡ፤ በሙቅ ውሃ አርሳችሁ በነጭ ጨርቅ ጠቅልላችሁ አሳድሩት። ጠዋት ጨርቁ ነጭ ከሆነ ጥለፉበት።

በመካከሉ የነርሷ ወንድም «ለኔስ?» ብሎ መጣ። ባት ተሁለት ሱሪ ፈለገ። እሱን ባጭሩ ላሳልፈው። ሱሪው ባቱ ላይ ጥብቅ ሆኖ አምሮ ተሰፋ፤ ግን እግሩ በተረከዙ አላልፍ አለ። የሚለካው ባት ብቻ ሳይሆን ተረከዝና የእግር ጀርባ አንድ ላይ ነው። ጎኑን ጣት ሙሉ ሰንጥቀን ሦስት ትንንሽ ቁልፍ አደረግንለት።

ታችኛውን ጫፍ የቆረጥነው በመጨረሻ ነው፤ በዓሉ አምስት ቀን ሲቀረው። የምሄድበትን ጫማ አደረግሁ። መቀነቱን ታጠቅሁ። መቀነት ሲታሰር ጨርቁን ወደ ላይ ይስባል፤ ሳትታጠቁ ብትለኩ በኋላ ያጥርባችኋል። ቀጥ ብዬ በሩቅ ያለውን በር እያየሁ ቆምኩ። ጎንበስ ብሎ ማየት ክልክል ነው፤ ጎንበስ ሲሉ ፊቱ ይወርዳል፣ ኋላው ይነሣል። የሒሳብ ሠራተኛዋ ማስመሪያውን ወለሉ ላይ አቁማ፣ ዙሪያዬን በጉልበቷ እየዞረች፣ ከመሬት 4 ሳንቲም ከፍ ባለው ላይ ስፒል ሰካች። እኔ አልዞርም፣ እሷ ናት የምትዞረው። አንድ ዙር ጨርሳ ወደ መጀመሪያው ስፒል ስትደርስ ገጠመ። ሁለታችንም ጮኸን።

የካቲት 23 ጠዋት በሚኒባስ ሄድን። ስለዚህ ቀሚስ ከሚያሰጋችሁ ነገር አንዱ ትራንስፖርት ነው፤ ሰፊ ነው፣ ይረገጣል። እማማ ከመውጣቴ በፊት ዘዴውን አሳይተውኝ ነበር። ጨርቁን ከመቀነቱ በላይ ሳብ አድርጎ ማፍሰስ። ታችኛው ጫፍ አንድ ስንዝር ከፍ ይላል፣ ከላይ የተረፈው በመቀነቱ ላይ ይተኛል። ስትደርሱ መልሳችሁ ታወርዱታላችሁ። ድንጋይ ላይ ስቀመጥ፣ ደረጃ ስወጣ፣ ሕዝቡ ውስጥ ስገባ ይህን እያደረግሁ ዋልኩ። ልብሱ ሲያስቡት ለመንገድ የተሠራ ነው። ምኒልክ አደባባይ ደርሰን ቀረርቶው ሲነሣ እጄን አንሥቼ እልል አልኩ። ነርሷ ከኋላዬ ሆና ብብቴን እያየች ነበር። «ንቅንቅ አላለም!» ብላ ጆሮዬ ላይ ጮኸች።

ቀሚሱን ማስቀመጥ ላይ፦ መስቀያ ላይ አትስቀሉት። የእጅ ሸማ በራሱ ክብደት ትከሻው ላይ ይለጠጣል። አጥባችሁ፣ በደንብ አድርቃችሁ፣ በታጠበ አሮጌ ነጠላ ጠቅልላችሁ አስተኙት፤ በየጥቂት ወሩ እጥፋቱን ቀይሩት፣ አንድ ቦታ ላይ ብቻ እንዳይሰበር።

ለሚቀጥለው በዓል የምትለብሰው ነርሷ ናት። ከእኔ ትረዝማለች፣ ደረቷም ይሰፋል። የተውነው የ2 ሳንቲም ትርፍ ለጎኗ ይበቃል። ለርዝመቱ ግን ታችኛው እጥፋት አይበቃም፤ ከቀረን ሸማ ዙሪያውን መቀጠል አለብን። እማማ ቅጥሉ ላይ አንድ መስመር ጥልፍ ይሂድበት ብለዋል፤ ስፌቱን ይሸፍነዋል። ክሩን ትናንት ገዛሁ። አሁን በነጭ ጨርቅ ተጠቅልሎ ሳህን ላይ አድሯል።